ፓምፑን ከመግዛትዎ በፊት ወንፊቱን ይጠቡ

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከቆጋ መስኖ አካባቢ ነው። ከወንድሞቼ ጋር የገዛነው ትንሽ ትራክተር ማረሻውን ማንሳት እምቢ አለን። ጠዋት ጠዋት ያፏጫል፤ መሪውም ይከብዳል። ረፋድ ላይ ትንሽ ይሻለዋል። ክረምቱን ደጅ ቆሞ ነው የከረመው። ዘይቱ ጎድሎ ስላገኘነው ጨምረንበታል። ማረሻውን በዘይት ግፊት የሚያነሳው ፓምፕ ሞቷል ይሉናል፤ አዲስ እንግዛ?

መልስ፦ አትግዙ። የመስኖ ስንዴው መሬት ሳይታረስ ኅዳር እያለፈባችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ሆኖም በደብዳቤዎ ውስጥ ጣል አድርገው ያለፏቸው ነገሮች ከፓምፑ ይልቅ ሌላ ነገር እንድጠረጥር አድርገውኛል።

«ረፋድ ላይ ይሻለዋል» ብለዋል። የተበላ ፓምፕ ጠባዩ የዚህ ተቃራኒ ነው። ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን በተበላው ክፍተት ያመልጥበታል፤ ስለዚህ ጠዋት በርትቶ ቀትር ላይ ይደክማል። የእናንተው ግን ዘይቱ በብርድ በወፈረበት ሰዓት ተቸግሮ ሲሞቅ ይነቃል። ይህ ዘይት እንደልቡ መሳብ ያቃተው ፓምፕ ነው። ፉጨቱም ከዚያው ይመጣል፤ የሚስበው ሲያንሰው ይጮኻል። መሪው መክበዱ ደግሞ ጥርጣሬዬን ያጠናክረዋል። በአብዛኞቹ ትንንሽ ትራክተሮች ማንሻውና መሪው ዘይት የሚቀዱት ከአንድ ቋት፣ በአንድ ማጥለያ በኩል ነው። ሁለቱ አብረው ከደከሙ ጥፋቱ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት በጋራ መንገዳቸው ላይ ነው። በዚህ ላይ ትራክተሩ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ ከርሟል። ግምቴ ማጥለያው ወንፊት በዝቃጭ ተደፍኗል የሚል ነው።

ሥራው የግማሽ ቀን ነው፤ ወጪውም ጥቂት ናፍጣና ንጹሕ ጨርቅ፣ ምናልባትም አንድ የጎማ ቀለበት ነው። ትራክተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፤ ማረሻውን መሬት ያስነኩና ሞተሩን ያጥፉ። ከዚያ የማንሻውን እጀታ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይበሉት፤ ውስጥ የቀረው ግፊት ይወጣል። መለኪያ ዘንጉን አውጥተው ዘይቱን በብርሃን ይዩት። ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። እንዲህ ከሆነ ወንፊት ማጠብ ብቻውን አይበቃም፤ ዘይቱ በሙሉ ወጥቶ መለወጥ አለበት።

ወንፊቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከቋቱ ወደ ፓምፑ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ በሚነሳበት ቦታ ነው፤ የመመሪያው ሥዕል ያሳያል። እባክዎ ከመፍታትዎ በፊት ዙሪያውን በብሩሽና በጨርቅ አጥብቀው ያጽዱ። እዚያ ያለው አፈር ወደ ውስጥ ከወደቀ ልናወጣው ከተነሣነው ቆሻሻ የባሰ ጉዳት ያደርሳል። ከሥር ንጹሕ ባልዲ አድርገው ዘይቱን ይቀበሉ። ወንፊቱን በናፍጣ ይጠቡ፤ ቤንዚን እሳት ይጠራልና አይጠቀሙ። ሲጨርሱ ወደ ፀሐይ አድርገው ይመልከቱ፤ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ብርሃን ማሳለፍ አለባቸው። ትራክተሩ ከዚህ ሌላ የወረቀት ፊልትሮ ካለው እሱ አይታጠብም፤ ይለወጣል።

የታጠበውን ቆሻሻ ሳይደፉ ማግኔት ያስጠጉት። ለስላሳ ጥቁር ጭቃ ከሆነ ግምቴ ልክ ነው። የሚያብረቀርቅ የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ውስጥ የሚበላ ነገር አለና ሥራውን አቁመው መካኒክ ይጥሩ። ሲገጥሙ የጎማ ቀለበቱ ተሰንጥቆ እንደሆነ ይዩ፤ ዘይት ቀብተው ይመልሱት። የቱቦውንም ማሰሪያዎች ያጥብቁ፤ እዚያ ላይ ዘይት ሳይንጠባጠብ አየር ሊገባ ይችላል። ዘይቱን እስከ ምልክቱ ሞልተው ሞተሩን በዝቅተኛ ፍጥነት ጥቂት ደቂቃ ያሠሩት፤ ማንሻውን ቀስ ብለው አሥር ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ ያድርጉት። አየሩ ሲወጣ መንቀጥቀጡ ይቆማል። ከዚያ የዘይቱን ልክ እንደገና ይለኩ፤ መጉደሉ አይቀርም።

አሁን አንድ ነገር ልቆጣ። የጨመራችሁት ዘይት የምን ዘይት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ በየመንደሩ ከማየው ተነሥቼ ግን ለመገመት አይቸግረኝም። 40 ቁጥር የሞተር ዘይት፣ አንዳንዴም ከመኪና የወጣ ያገለገለ ዘይት «ዘይት ያው ዘይት ነው» እየተባለ ይጨመራል። ያው አይደለም። የሞተር ዘይት ለብርድ ጠዋት በጣም ወፍራም ነው፤ ያገለገለው ደግሞ ጥቀርሻና የብረት ዱቄት ይዞ ይገባል። በብዙ ትንንሽ ትራክተሮች ያው ዘይት ማርሹንም፣ ሃይድሮሊኩንም (በዘይት ግፊት የሚሠራውን ክፍል)፣ በዘይት ውስጥ የሚሠራውን ፍሬንም ስለሚያገለግል ጥፋቱ ማንሻው ላይ ብቻ አይቀርም። መመሪያው የሚያዘው የትራክተር ሃይድሮሊክና ትራንስሚሽን ዘይት ውድ መሆኑን አልክድም። ከፓምፕ ግን ይረክሳል። ያልሆነ ዘይት ጨምራችሁ ከሆነ ወንፊቱን ስትፈቱ አብራችሁ ለውጡት።

ግፊት ለመጨመር ብሎ የግፊት መቆጣጠሪያውን ብሎን የሚያጠብቅ ጎረቤት ቢመጣ አያስነኩት። በእነዚህ ትራክተሮች ውስጥ ያለው ግፊት በአብዛኛው ከ140 እስከ 200 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ሲገፋ ቱቦ ሊፈነዳ ይችላል። የሚያፈስ ቱቦ ሲፈልጉም በእጅ አይዳስሱ፤ ካርቶን ያስጠጉ። በቀጭኑ የሚረጭ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። የገባበት ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

ወንፊቱ ነጽቶ፣ ትክክለኛው ዘይት ሞልቶ ማንሻው አሁንም ከደከመ መካኒኩን «ግፊቱን በመለኪያ ለካልኝ» ይበሉት። ፓምፕ መግዛት የሚታሰበው ቁጥሩ በዓይን ከታየ በኋላ ነው።