ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት

ጥያቄ፦ ወንድሜ ለእጮኛው ቤተሰብ ሽማግሌ ሊልክ ነው። አባታችን ዐርፏል። የልጅቷ ቤተሰቦች ቀበና የሚኖሩ፣ ወግ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ስንት ሰው ይሂድ? ምንስ ይበሉ? (አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ አባታችሁን ነፍስ ይማር። ሦስት ሰው ይበቃል። ከአምስት ካለፈ ንግግሩ ይበታተናል። አንደኛው በአባት ቦታ የሚቆም አጎት ይሁን፤ ሁለተኛው በሠፈሩ ወይም በዕድሩ የሚከበር ትልቅ ሰው፤ ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ሦስተኛው የንስሐ አባት ቢሆኑ መልካም ነው። ወንድማችሁ ራሱ አይሄድም።

ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ተገናኝተው ይምከሩ። ማን እንደሚናገር ይወስኑ፤ የልጅቷን ስም ከነአባቷ፣ የልጁን ሥራና ሃይማኖት አጣርተው ይወቁ። ሦስት ሴት ልጆች ባሉበት ቤት «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው «የትኛዋን?» ሲባሉ እርስ በርስ መተያየት ያሳፍራል። ልጅቷም ቀኑን ለእናቷ ትንገር፤ አባት ሳይሰሙ በር ማንኳኳት ቅሬታ ያመጣል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያለው ሰዓት ይመቻል።

እንደገቡ ቶሎ አይቀመጡም። «ኧረ ተቀመጡ» ሲባሉ «ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው» ይላሉ። ከዚያ ተናጋሪው ማን እንደላካቸውና ለማን እንደመጡ ይገልጻል። መልስ ሳይሰሙ እህል ውኃ አለመቅመሱ የቆየ ወግ ነው። አባት በዕለቱ እሺ ባይሉ አትደንግጡ። «ልጅቷን እንጠይቅ፣ ዘመድ እናማክር» ብሎ ቀጠሮ መስጠት ለልጅ የሚሰጥ ክብር ነው፤ እምቢታ አይደለም። በቀጠሮው ቀን ግን ያው ሰዎች ይመለሱ።

እሺታው ሳይገኝ ለአዳራሽ ቀብድ አትክፈሉ። ቀን ስትመርጡም ጾሙን እዩ። ከጥምቀት (ጥር 11) በኋላ ያለው የሰርግ ወቅት እንደየዓመቱ ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባሉት ቀናት በአንዱ ይገባልና።

ጥያቄ፦ ሰባት ቤት መቁጠር በሕግ ግዴታ ነው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አይደለም። በአዲስ አበባ የሚሠራበት የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በሥጋ ዝምድና የሚከለክለው ቀጥታ የሚወላለዱትን፣ እኅትና ወንድምን፣ አክስትና አጎትን ነው። ልማዱ ግን እስከ ሰባት ትውልድ ይሄዳል፤ ሽማግሌዎቹም መጠየቃቸው አይቀርም።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው በአባት በኩል ብቻ ሲቆጥር ነው። መታወቂያ ላይ ያለው የአባትና የአያት ስም ስለሆነ የእናት ወገን ዝምድና ከስም አይታወቅም። ሁለቱም ልጆች በዕድሜ ከገፉ ዘመዶቻቸው ጋር ተቀምጠው በአባትም በእናትም፣ የእናትን እናት ጨምረው፣ ስም ከነትውልድ ቀበሌው በወረቀት ይጻፉ። ወረቀቶቹ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ይነጻጸሩ። ዝምድናው ጥሎሽ ከተገዛ በኋላ ቢገኝ ሐዘኑ የሁለት ቤት ነው።

ጥያቄ፦ ለጥሎሽ 18 ካራት ወይስ 21? (ከጊዮርጊስ አካባቢ)

መልስ፦ 21 ካራት 87.5 በመቶ፣ 18 ካራት 75 በመቶ ንጹሕ ወርቅ ነው። 21ዱ ለስላሳ ስለሆነ ቀጭን ቀለበት ይጣመማል። በየቀኑ ለሚደረግ ቀለበት 18፣ ለበዓል ለሚወጣ ሐብል 21 እንመርጣለን። ደረሰኙ ላይ ግራሙም ካራቱም ይጻፍ። ጥሎሹ የሚገባበትን ሻንጣ ቁልፍ ደግሞ አንድ ሚዜ ብቻ ይያዘው፤ ሰው ተሰብስቦ ቁልፍ ፍለጋ መሮጥ በየሰርጉ ያጋጥማል።