ሌሊት እንደ ውሻ የሚያስል ልጅ

ለገና ሕፃን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ሸዋ የምትመጡ ወገኖች፣ ክሩፕ ስለሚባለው የሕፃናት የጉሮሮ ሕመም አስቀድማችሁ እወቁ። እኔ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ።

ልጄ ያኔ አንድ ዓመት ከስምንት ወሩ ነበር። ሁለት ቀን አፍንጫው ሲፈስ ቆይቷል፤ ትንሽም አተኩሶታል። የመንገድ ጉንፋን ነው ብለን ተኛን። የታኅሣሥን ብርድ የምታውቁት ናችሁ፤ ሲነጋ ሣሩ ላይ ውርጭ ነው። ሌሊት የቀሰቀሰኝ ሳል የልጅ ሳል አልመሰለኝም። ግቢው ውስጥ ውሻ የጮኸ ነው የመሰለኝ። መብራት ሳበራ ልጄ አልጋው ላይ ቁጭ ብሏል። ያስላል፤ ከዚያ አየር ሲስብ ጉሮሮው ውስጥ "ሲጥ" ይላል። ሊያለቅስ ይሞክራል፣ ድምፁ ግን ሻክሮ አይወጣለትም።

እናቴ ጋቢዋን ደርባ መጣች። አየት አደረገችውና "እንጥሉ ወርዷል" አለች። ሲነጋ ማን ጋ እንደምንወስደውም ወዲያው ነገረችኝ። እኔንም በልጅነቴ ያስቆረጠችኝ እሷ ናት። ክፋት የላትም፤ በዘመኗ የምታውቀው መድኃኒት ያ ነው።

ነገሩ ግን ከእንጥል ጋር አይገናኝም። ክሩፕን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፓራኢንፍሉዌንዛ የሚባለው። የሚያብጠው ማንቁርቱና ከሱ ሥር ያለው የአየር ቧንቧ ነው። የሕፃን ቧንቧ ደግሞ ጠባብ ነው፤ የለስላሳ መጠጫ ስትሮ አስቡ። እኛን ጉሮሯችንን ከማሻከር የማያልፍ እብጠት እሱን ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ለዚህ ነው በብዛት ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ያሉትን የሚያስቸግረው። እንጥሉን ብታስቆርጡት እብጠቱ ባለበት ይቀራል። በላዩ ላይ ደም መፍሰስና ማመርቀዝ ይጨመርበታል። ምላጩ ቀድሞ የማንን ጉሮሮ እንደነካም አታውቁም።

ከእናት ጋር መጣላት ግን አያዋጣም። "እማዬ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ ከዚያ እንነጋገራለን" አልኳት። አኮረፈች። ግን ጋቢዋን አውልቃ ለልጁ ሰጠችው።

በጋቢው ጠቅልዬ በረንዳ ላይ ይዤው ወጣሁ። ቀዝቃዛ አየር አንዳንዴ ያስታግሳል፤ ለእኛ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሲጥታው ቀነሰለት። ባሕር ዛፍ አፍልቶ ማጠን ግን ይቅርባችሁ። እንፋሎት ለክሩፕ እንደሚጠቅም አልተረጋገጠም፤ የፈላ ውሃ ግን ልጅ እንደሚያቃጥል የታወቀ ነው። የኩበት ጭስ ካለበት ክፍልም አውጡት። ከሁሉም በላይ አታስለቅሱት። ሲያለቅስ በኃይል ስለሚተነፍስ የጠበበው ቧንቧ ይብስበታል። በማንኪያ አፉን ከፍቼ ጉሮሮውን ልየው የሚል ዘመድ አይጠፋም። እምቢ በሉ።

መጀመሪያ የገባንበት ክሊኒክ የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ጽፎ ሸኘን። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካውም፤ ገንዘቡም ሰዓቱም ባከነ። ቀጥሎ የሄድንበት ሆስፒታል አንዲት ወጣት ሐኪም ገና ከበር ሳሉን ሰምታ አወቀችው። ዴክሳሜታዞን የሚባል እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት (ስቴሮይድ) አንዴ አጠጣችው፤ መጠኑ በልጁ ክብደት ነው የሚሰላው። ሥራው የሚታየው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው። የባሰበትን ልጅ ደግሞ አድሬናሊን በጭምብል ያስተነፍሱታል። እሱ በደቂቃዎች ውስጥ ያቀልለታል፣ ግን በሁለት ሰዓት ገደማ ኃይሉ ያልቃል። ስለዚህ ልጁ ሳቀ ብላችሁ ወደ ቤት አትሩጡ። ጥቂት ሰዓት እዚያው ሐኪም እያየው ይቆይ።

ይንጋና እናያለን የማይባልበት ጊዜ አለ። ሳያለቅስ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦም ሲጥ ካለ፣ ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ልጁ ከፈዘዘ፣ በዚያው ሰዓት ይዛችሁት ውጡ። ትኩሳቱ አይሎ ምራቁን መዋጥ ያቃተው ልጅ ደግሞ ሕመሙ ክሩፕ ላይሆን ይችላል፤ እሱም ለነገ አይባልም። ክትባቱ የተሟላ መሆኑን ከመምጣታችሁ በፊት አረጋግጡ። ዘጊ አናዳ (ዲፍቴሪያ) የሚባለው በሽታም ጉሮሮ ይዘጋል፣ ክትባት ግን አለው።

እንደ እኛ ከተማ ውስጥ ካልሆናችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከመንዝ ገጠር ሌሊት መኪና ማግኘት ከባድ ነው። የጣርማበርን ጉም በጨለማ ማቋረጥም ቀልድ አይደለም። ጉንፋን የያዘው ልጅ ከሰዓት በኋላ ድምፁ መሻከር ከጀመረ፣ ሳይመሽ ሆስፒታል ወዳለበት ጠጋ በሉ። ዘመድ ይቀየማል፤ ይቀየም። ልጁ ከዚህ ቀደም ክሩፕ ይዞት የሚያውቅ ከሆነም፣ ምን ይዛችሁ መምጣት እንዳለባችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁት።

አንድ ነገር ልጨምር። በማግስቱ ልጄ ዶሮ ሲያባርር ዋለ። አለፈ ብዬ ነበር። ክሩፕ ግን ቀን ተደብቆ ሌሊት የሚመጣ በሽታ ነው፤ ሁለት ሦስት ሌሊት ሊመላለስ ይችላል። በሁለተኛው ሌሊት ሳሉ ተመለሰ፣ ቀለል ብሎ። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትንፋሹን ስታዳምጥ አደረች። አሁን ስደውልላት ከሰላምታ ቀጥላ የምትጠይቀኝ "ያ የውሻ ሳል ተመለሰበት ወይ?" ብላ ነው። እንጥሉን ግን እስከ ዛሬ "ቢታይለት ጥሩ ነበር" ትላለች።