ሻርክ የገባበት ኮሎሲየምና ካት የሌለው ድራማ፦ የሳምንቱ ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ሳምንት ስለ ፊልምና ድራማ ከደረሱኝ መልእክቶች የተወሰኑትን እነሆ። ረዣዥሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስድቡን ግን አልነካሁም።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ሁልጊዜ «ሁሉም የራሱ ውበት አለው» እያልክ ታመልጠናለህ። በዚህ ሳምንት ካየኸው ምርጡ የቱ ነው? ቀሽሙስ? ሳትሸፋፍን ንገረን። (ከአዳማ)

መልስ፦ እሺ፣ ሳልሸፋፍን። ምርጡ «አዶለሰንስ»፣ ቀሽሙ «ግላዲያተር 2»።

«አዶለሰንስ» አዲስ አይደለም። በ2025 እ.ኤ.አ. ኔትፍሊክስ ላይ የወጣ፣ አራት ክፍል ብቻ ያለው የእንግሊዝ ድራማ ነው፤ እኔ ግን ሁሉም ሰው ስላወራለት ደብሮኝ ትቼው ነበር። ገና ሲጀምር ፖሊሶች በማለዳ በር ሰብረው ይገቡና የ13 ዓመት ልጅ ከመኝታው ይይዛሉ። የተጠረጠረው አብራው የምትማር ልጅ በመግደል ነው። ገዳዩን ፍለጋ አራቱንም ክፍል የሚያንከራትቱን መስሎኝ ነበር፤ እነሱ ግን ያንን ቶሎ ይጨርሱትና «ለምን?» ወደሚለው ይሄዳሉ።

ሦስተኛው ክፍል ለብቻው ይወራለት። በአራት ግድግዳ መሀል አንድ ጠረጴዛ፣ ልጁና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። ትኩስ ቸኮሌትና ግማሽ ሳንድዊች ይዛለት ትገባለች፣ ይቀልዳሉ፣ ከዚያ ልጁ ድንገት ብድግ ብሎ ሲጮህባት እኔ ራሴ ሶፋው ላይ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ከደቂቃ በኋላ ደግሞ ተመልሶ ልጅ ይሆናል። መሀል ላይ ያዛጋል፣ እሷም «አሰለቸሁህ እንዴ?» ትለዋለች። ይሄ ድርሰቱ ላይ አልነበረም፤ ልጁ የምሩን አዛግቶ ነው፣ ተዋናይቷ ኤሪን ዶኸርቲ እዚያው ፈጥራ የመለሰችለት። ልጁ ኦወን ኩፐር ከዚህ በፊት ካሜራ ፊት ቆሞ አያውቅም፤ በ15 ዓመቱ የቴሌቪዥኑን ትልቅ ሽልማት ኤሚን ወሰደ። የሚገርመው ይሄ ክፍል በቅደም ተከተል ሦስተኛ ይሁን እንጂ ከሁሉም ቀድሞ የተቀረጸ ነው።

ወደ ቀሽሙ ስመጣ፣ የመጀመሪያውን «ግላዲያተር» ቪዲዮ ቤት ተጨናንቀን ያየን ሰዎች ቂም ይዘናል። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ያ ፊልም ነው፣ የራስል ክሮው፣ አምስት ኦስካር የወሰደው። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት በ2024 እ.ኤ.አ. ሁለተኛውን ይዞ ሲመጣ ታሪኩ ያው ነው፦ ሚስቱ የተገደለችበት ተዋጊ ባሪያ ይሆናል፣ ሜዳ ይገባል፣ ሊበቀል ይነሳል። ታሪኩ ሲያንስ ጊዜ እንስሳ ጨመሩበት። ዝንጀሮ መጣ፣ አውራሪስ መጣ፣ በመጨረሻ የሮሙን የውጊያ ሜዳ ኮሎሲየምን ውሃ ሞልተው ሻርክ ለቀቁበት! ውሃውን ልቀበል፤ ኮሎሲየም ሲመረቅ በውሃ ላይ ውጊያ እንደታየ የጥንት ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ሻርኩን ማን እንደጻፈው ግን እንጃ። ንጉሡ ደግሞ ለቤት ጦጣው ሹመት ይሰጣል። አቦ፣ ዴንዘል ዋሽንግተን ባይኖር አልጨርሰውም ነበር፤ ሰውዬው ልብሱን ብቻ አስተካክሎ ሲቀመጥ ከሻርኩ በላይ ያስፈራል።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ «አዶለሰንስ ካት የለውም የሚባለው ማስታወቂያ ነው፣ የሆነ ቦታ ደብቀውታል» ይላል። በቢራ ተወራርደናል። ፍረደን። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ቢራው ያንተ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካሜራው ሳይቋረጥ የተቀረጸ አንድ ሾት ነው። ለአንድ ክፍል ሦስት ሳምንት ይይዛሉ፦ አንዱ ሳምንት ለተዋንያኑ ልምምድ፣ አንዱ ከካሜራ ጋር ለሚደረገው፣ ሦስተኛው ለቀረጻው። ሙሉውን ክፍል በቀን ሁለት ጊዜ ይቀርጹና የተሻለውን ይመርጣሉ። አንድ ሰው ሃምሳኛው ደቂቃ ላይ ቢደነቃቀፍ ሁሉም ሰው ከሀ ይጀምራል ማለት ነው። ጓደኛህ ካላመነ የሁለተኛውን ክፍል መጨረሻ አሳየው። ካሜራው ድሮን ላይ ይታሰርና ከሰፈሩ በላይ ይበራል፣ ግድያው የተፈጸመበት ቦታ ሲደርስ ይወርዳል፣ እዚያ የሚጠብቅ ካሜራማን ይቀበለውና አባትየው አበባ ሲያስቀምጥ ፊቱን በቅርብ ያሳየናል። እኔ ሦስቴ መልሼ ነው ያየሁት፤ ከድሮኑ ይልቅ የገረመኝ ግን አባትየው ምንም አለመናገሩ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ይህንኑ ድራማ ከ12 ዓመት ልጄ ጋር ብናየው ምን ትላለህ? (አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መጀመሪያ ብቻዎን ይዩት። ደም ብዙ የለውም፤ የሚከብደው ወሬው ነው። አይተውት ከልጅዎ ጋር ካዩት ደግሞ በየመሀሉ አያስቁሙና አይምከሩት፣ ይነጫነጫል።

ጥያቄ፦ የሀገርህን ሥራ ላለመንካት ስትል እንግሊዝና ሮም ትዞራለህ። የኛ ድራማ አይታይህም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይታየኛል እንጂ! በዚህ ሳምንትም አንድ የኛ ተከታታይ ድራማ አይቻለሁ። ስሙን አልጠራም፤ አንዱን ብቻ ነጥዬ ብጠራ ግፍ ነው፣ በሽታው የብዙዎቹ ነውና። ሴትየዋ ስልክ ታነሳለች። «ሄሎ? ምን? አባባ? ሆስፒታል ገቡ? መቼ? ትናንት ማታ?» የሰማችውን በሙሉ ትደግምልናለች፣ እኛ ፊቷን አይተን መረዳት የማንችል ይመስል። ከዚያ ሙዚቃው ይለቀቅና የቀረውን ንግግር ይውጠዋል። ከዚያ መኪና። ግቢ ሲከፈት፣ መኪናው ሲገባ፣ ሲቆም፣ ሰውዬው ሲወርድ፣ በር ሲዘጋ፣ ሁሉንም አየን። ሰውዬው ቤት ገብቶ ምን አለ? «አባባ ሆስፒታል ገብተዋል»።

የዚያኑ ዕለት ማታ ንዴቴ እንዲበርድ «ጤዛ»ን ደግሜ ከፈትኩ። የኃይሌ ገሪማ ፊልም ነው፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የሚባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት የወሰደው። ጀርመን ተምሮ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ የሚመለስ ሐኪም ነው ታሪኩ። እግሩን አጥቷል። እንዴት እንዳጣው ግን ማንም ስልክ አንስቶ አይነግረንም፣ ብዙ ቆይተን ነው የምናውቀው። ሰውዬው ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ እናቱ ታየዋለች፣ ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ የተደበቁ ልጆች አሉ፣ እኛ እያገጣጠምን እንከተላለን። ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፣ ጊዜው ወደኋላ ወደፊት ይመላለሳል፣ ግማሹ ላይ «የት ደረስን?» ማለትህ አይቀርም። እሱን ቻለው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ እዚሁ ነው ያደጉት፣ አማርኛቸው ደከም ያለ ነው። አብረን የምናየው አንድ የሀገር ቤት ፊልም በለኝ፣ እባክህ «ጤዛ»ን እንዳትለኝ። (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ አልልሽም። የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» እዪ። በ2015 እ.ኤ.አ. ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ «ኧን ሰርተን ሪጋርድ» በተባለው ክፍል የታየ ነው፤ በካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም እሱ ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ይሄዳል፤ ያለው ቹኒ የምትባል በጉ ብቻ ናት። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል፣ አጎትየው ደግሞ ወንድ ልጅ ምድጃ ጋ ምን ያደርጋል ባይ ነው፣ በዚያ ላይ በዓሉ ሲደርስ በጉን ራስህ ታርዳለህ ይለዋል። ወሬው ትንሽ፣ ተራራው ብዙ ስለሆነ አማርኛ ለደከመባቸው ልጆች አይከብድም። «በጓ ትታረዳለች ወይ?» እያሉ ሲጨቀጭቁሽ አትንገሪያቸው፣ እስከ መጨረሻው የሚያስቀምጣቸው እሱ ነው።