መልስ፦ ለእናቴ አልማዝ ባለጭራ ቅባቱ ብቻ ይበቃል ወይ?

እህቴ፣ አይበቃም። ትናንት ከሆነ ጎናቸው ላይ የወጣው፣ አሁንም አልረፈደም፤ ዛሬውኑ እዚያው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። አልማዝ ባለጭራ ማለት በልጅነት የያዘን የጉድፍ ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ኖሮ ሲነሳ ነው፤ ከላይ የሚቀባ ነገር አይደርስበትም። የሚዋጠው የቫይረሱ መድኃኒት፣ አሳይክሎቪር፣ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው። ካለፈም አዲስ ውሃ መቋጠሩ ካልቆመ ሐኪም ሊያዝላቸው ይችላል። ለአዋቂ የተለመደው 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ፣ ለ7 ቀን ነው። ኩላሊታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ግን መጠኑ ይቀነሳልና፣ ሐኪሙ ባይጠይቅም ንገሪው። ውሃ በደንብ ይጠጡ። ሕመሙ ቀለል ሲላቸውም መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ።

ጎረቤት ቅጠል ቀጥቅጠሽ ለጥፊበት አለችኝ ያልሽው በጣም አሳስቦኛል፤ እባክሽ አታድርጊው፣ ቁስሉ ያመረቅዛል። እስኪደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ነፍሰ ጡሯ የወንድምሽ ሚስት ጉድፍ ይዟት የማያውቅ ከሆነ ቁስሉን አትንካ።

ሽፍታው ግንባር ወይም አፍንጫ ላይ ከታየ ግን ዓይን ሐኪም ያለበት ሆስፒታል በቀጥታ ሂዱ፣ ሌሊትም ቢሆን።