መብራት ሲጠፋ መልእክቱ የት ይሆናል?

ጥያቄ፦ «ያለሁት ኮምቦልቻ ነው። ለአንድ መድኃኒት ነጋዴ የሽያጭ ፕሮግራም በፓይተን ሠርቻለሁ። ዋናው መጋዘን ደሴ፣ ቅርንጫፎቹ ኮምቦልቻና ሐይቅ ናቸው። የደሴው የሒሳብ ፕሮግራም ሌላ ሰው በሲ ሻርፕ የጻፈው ነው። እስካሁን ሁሉም በየሁለት ሴኮንዱ አንድ ዳታቤዝ እየጠየቁ ነው የሚግባቡት፤ ኔትወርክ ሲሄድ ካሸሯ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ኮምፒውተሮቹ ባለ 4 ጊጋ ራም ናቸው፤ ራቢትኤምኪው የሚባለው የመልእክት ሰርቨር ከበደኝ። ዜሮኤምኪው፣ ናኖሜሴጅ ወይስ ኤምኪውቲቲ? የቱ ነው ቀላልና ፈጣን?»

አብሽር ወንድሜ፤ ፕሮግራሞችን በመልእክት የሚያገናኙት እነዚህ ሦስቱም መንገዶች ቀላል ናቸው፣ ለአንተ ሥራም ከበቂ በላይ ይፈጥናሉ። መድኃኒት ቤት በቀን የሚቆርጠው ደረሰኝ ለእነሱ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ፍጥነቱን ተወውና ይህን ጠይቅ፦ ተቀባዩ በሌለበት ሰዓት የተላከው መልእክት የት ይቆያል?

ዜሮኤምኪውና ናኖሜሴጅ መሐል ላይ የሚቆም ሰርቨር የላቸውም። ፕሮግራምህ ውስጥ የሚገቡ ላይብረሪዎች ናቸው፤ ላኪና ተቀባይን ፊት ለፊት ያገናኛሉ። ተቀባዩ ከሌለ መልእክቱ ወረፋ ቢይዝ እንኳ ላኪው ራም ላይ ብቻ ነው። የዜሮኤምኪው ወረፋ፣ ካልቀየርከው፣ 1,000 መልእክት ነው። ሲሞላ የፐብሊሽ ሶኬት (ለብዙ ተቀባይ የሚያሰራጨው የመገናኛ በር) ትርፉን ምንም ሳይናገር ይጥለዋል፤ የፑሽ ሶኬት (እያንዳንዱን መልእክት ለአንድ ተቀባይ የሚሰጠው) ደግሞ ቦታ እስኪገኝ ፕሮግራምህን ያስጠብቀዋል። መብራት ከሄደ ግን ሞላም አልሞላም፣ ራም ላይ የነበረው ሁሉ አለቀለት።

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚነካው ሪክዌስት-ሪፕላይ የሚባለውም (ጥያቄ ልኮ መልስ የሚጠብቀው) የራሱ ጣጣ አለው። ደሴ መልስ ሳትሰጥ ከጠፋች ያ ሶኬት ሁለተኛ ጥያቄ አልልክም ይላል። የጊዜ ገደብ አድርግለት፤ ገደቡ ካለፈ ሶኬቱን ዘግተህ አዲስ ክፈት። ስትዘጋውም ሊንገርን (ያልተላከውን የሚጠብቅበትን ጊዜ) ዜሮ አድርግ፤ አለዚያ ፕሮግራሙ ያልተላከውን እየጠበቀ አልዘጋም ብሎ ይንጠለጠላል።

ኤምኪውቲቲን በ1999 የነደፉት የአይቢኤሙ አንዲ ስታንፎርድ-ክላርክና አርለን ኒፐር ናቸው፤ የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት መስመር ለመቆጣጠር። ቀጭንና ውድ ለሆነ መስመር ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ለእኛ አገር ኔትወርክ የተሰፋ ይመስላል። መሐል ላይ ብሮከር አለው፦ ዕቃህን ለባለሱቁ አደራ ሰጥተህ ትሄዳለህ፣ ባለቤቱ ሲመጣ ይወስደዋል። ሞስኪቶ የተባለው ብሮከር በጣም ትንሽ ነው፤ 4 ጊጋ ራም ይተርፈዋል።

ስለዚህ ከሐይቅና ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ለሚሄደው ኤምኪውቲቲን በሞስኪቶ ውሰድ። በአንድ ሱቅ ውስጥ ካሸሯ ጋ ካለው ኮምፒውተር ወደ ማተሚያው ለሚሄደው ዜሮኤምኪው ይበቃል፤ በኋላ ሲ ሻርፕ ቢጨመርም ለእሱ የተሠራው ኔትኤምኪው አለለት። ናኖሜሴጅ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ግን ስትቸገር የሚረዳህ ሰውና ጽሑፍ ለዜሮኤምኪው ይበዛል።

አሁን ሞስኪቶ ላይ ሰው የሚሰናከልባቸውን ልንገርህ። ከስሪት 2.0 ወዲህ፣ ሊስነር (በየትኛው በር እንዲቀበል የሚነግረውን መስመር) ካልጻፍክለት ከራሱ ኮምፒውተር በቀር ማንንም አያስገባም፤ የይለፍ ቃልም አዘጋጅለት። መልእክትህን በኪውኦኤስ 1 (ቢያንስ አንዴ እንዲደርስ በሚያደርገው ደረጃ) ላክ። ለተቀባዩ ቋሚ የክላየንት መለያ ስጠውና ክሊን ሴሽንን (ሲገባ የቀድሞውን እንዲረሳ የሚያደርገውን ምርጫ) ፎልስ አድርግ፤ አለዚያ ሲቋረጥ የመጣውን ብሮከሩ አያቆይለትም። የኮምቦልቻውን ፕሮግራም ገልብጠህ ሐይቅ ስትጭን ደግሞ መለያውን መቀየር እንዳትረሳ። ሁለት ክላየንት በአንድ መለያ ከገቡ አንዱ ሌላውን እያስወጣ ሲገቡ ሲወጡ ይውላሉ፤ አንተም ኔትወርኩን ስትረግም ትውላለህ።

ፐርሲስተንስ፣ ማለትም ብሮከሩ የያዘውን ዲስክ ላይ ማስቀመጡ፣ ሳይነካ ሲቀር ዝግ ነው፤ ክፈተው። ከከፈትከውም በኋላ ሞስኪቶ ራም ላይ ያለውን ወደ ዲስክ የሚጽፈው በየ1,800 ሴኮንዱ ነው፣ ማለትም በየግማሽ ሰዓቱ። መብራት በ29ኛው ደቂቃ ቢሄድስ? ጊዜውን ማሳጠር ትችላለህ፣ ግን ለብር ጉዳይ ብሮከር ላይ አልተማመንም።

ዋናው ሥራ ያለው ከላይብረሪው ውጭ ነው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ በኤስኪውላይት (በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ትንሽ ዳታቤዝ) «ያልተላኩ» የሚል ሠንጠረዥ አስቀምጥ። ሽያጩና ለደሴ የሚላከው መልእክት በአንድ ትራንዛክሽን ይጻፉ፤ ወይ ሁለቱም ይግቡ፣ ወይ ሁለቱም ይቅሩ። ካሸሯ ሥራዋን ትቀጥላለች፤ ከጀርባ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ከሠንጠረዡ እያነበበ ይልካል። ረድፉ የሚሰረዘው ብሮከሩ ተቀበልኩ ሲል አይደለም፤ ያ ብሮከሩ ጋ መድረሱን ብቻ ነው የሚነግርህ። የሒሳብ ፕሮግራሙ ዳታቤዙ ላይ ከጻፈ በኋላ የደረሰኙን መለያ በሌላ ቶፒክ (የመልእክት መስመር ስም) ይመልስ፤ የምትሰርዘው ያኔ ነው። መልስ ካልመጣ ደግመህ ላክ።

በዚህ አካሄድ አንድ ሽያጭ ሁለቴ መድረሱ አይቀርም፣ ኪውኦኤስ 1ም በራሱ ይደግማል። ለእያንዳንዱ ሽያጭ ቅርንጫፉ ላይ የማይደገም መለያ ስጥና የደሴው ሠንጠረዥ ዋና ቁልፍ አድርገው። የተደገመው ሲመጣ ዝም ብሎ ይለፈው፣ መልሱን ግን ይላክ።

መልእክቱን ሁለቱም ቋንቋዎች በሚያነቡት የጽሑፍ ቅርጽ፣ በጄሰን ጻፈው፤ ፒክል የሚባለውን የፓይተን የራሱን ቅርጽ ሲ ሻርፕ አያነበውም። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠርና በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ላክ። ኢትዮጵያኛው ቀንና ሰዓት ስክሪን ላይ ብቻ ይውጣ፤ አንዱ ፕሮግራም በእኛ ሌላው በፈረንጅ ሰዓት የጻፈውን ሒሳብ ማስታረቅ መከራ ነው።

ስትፈትን ፕሮግራሙን በወጉ አትዝጋው። ሽያጭ እየገባ ሳለ መጀመሪያ የቅርንጫፉን፣ ቀጥሎ የብሮከሩን፣ በመጨረሻ የደሴውን ኮምፒውተር የመብራት መሰኪያ ከግድግዳው ንቀል። መልሰህ ስትሰካ በሁለቱም በኩል ያሉት የደረሰኝ መለያዎች አንድ ካልሆኑ ነጋዴው ጋ አትውሰደው።