ከመሣሪያው ውስጥ መሣሪያው የትኛው ነው?

ወንድም ሰላም። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከቨርጂኒያ ወደ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ተዛውረሃል። ግሎክ 17 ሽጉጥህንና ኤአር-15 ጠመንጃህን አሌክሳንድሪያ የአጎትህ ልጅ ቤት፣ በተቆለፈ ሳጥን ትተህ መጥተሃል። ቁልፉ አንተ ጋ ነው። አሁን «ቁልፉን ልላክለትና ፈታትቶ፣ በሁለት በሦስት ካርቶን፣ እንደ መለዋወጫ ይላክልኝ ወይ?» ነው የምትለው። መልስ ከሰጡህ ልጆች ግማሾቹ «ክፍል እኮ ነው፣ ማን ይጠይቅሃል» አሉህ። ግማሾቹ «ዘብጥያ ትወርዳለህ» አሉህ። ሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ዘጠኝ ዓመት መሣሪያ ታጥቄ በጥበቃ ሠርቻለሁ። ሁለቱን ዓመት ደግሞ ቅዳሜና እሑድ አንድ የመሣሪያ ሱቅ ባንኮኒ ኋላ ቆሜ፣ የሚገባና የሚወጣ ካርቶን ስመዘግብ ነበር። ከዚያ በፊት ግን አንተ ያሰብከውን ነገር እኔ ራሴ ልሠራው ነበር። እሱን ላስቀድም።

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ላለ ጓደኛዬ ኤአር ልሸጥለት ተስማማን። ፈታሁት። የላይኛውን ከነበርሜሉ በአንድ ካርቶን አደረግሁ። የታችኛውን፣ ቃታውና እጀታው ያለበትን፣ በልጄ አሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ በሌላ ካርቶን። ከዚያ ወደ እቃ ማጓጓዣው። ልጅቷ «ውስጡ ምንድነው?» አለችኝ። «የጠመንጃ ክፍል» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ። አልዋሸሁማ! እጇን ከካርቶኑ ላይ የጋለ ድስት እንደነካ ሰው አነሳች። አለቃዋ መጣ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ይዘህልን ውጣ» ተባልኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ላብ በላብ ሆኜ ተቀመጥኩ።

በዚያው ወደ መሣሪያ ሱቅ ሄድኩ። ሽማግሌው ባለሱቅ የላይኛውን አውጥቶ አየና ወደ ጎን ገፋው። «ይሄን ከፈለግክ ለእናትህም ላክላት» አለኝ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ፈታ። መነጽሩን አደረገ። የጥይት ካዝናው የሚገባበት ቦታ አጠገብ የተቀረጸችውን ቁጥር በጥፍሩ እየነካ «ይሄ ክፍል አይደለም። ጠመንጃው ይሄ ነው። ያኛው ሁሉ እቃ ነው» አለኝ።

የፌዴራሉ ሕግ ከሞላ ጎደል ይሄው ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) የ1968ቱ የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ «መሣሪያ» ሲል የተገጣጠመውን ብቻ አይደለም። ፍሬም ወይም ሪሲቨር የሚባለው፣ ሌላው ክፍል ሁሉ የሚገጠምበት አካል ብቻውን፣ ባዶውን፣ ያለ በርሜል ያለ ቃታ፣ በሕግ ዓይን ሙሉ መሣሪያ ነው። በርሜል፣ ሰደፍ፣ ስላይድ (ከሽጉጥ ላይኛው በኩል የሚንሸራተተው ብረት)፣ ቃታ፣ እጀታ፣ ማነጣጠሪያ መነጽር ግን በፌዴራል ሕግ መሣሪያ አይደሉም። ከስቴት ስቴት በካርቶን ይሄዳሉ፣ ሰው በኢንተርኔት አዝዞ ደጃፉ ላይ ይቀበላቸዋል።

ችግሩ፣ የትኛው አካል እንደሆነ ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል። በኤአር ላይ የታችኛው ነው። በግሎክ ላይ ፕላስቲኩ አካል ነው፤ ከሥሩ በትንሽ የብረት ሳህን ላይ ቁጥሩ አለ። ግሎክ ስላይዱና በርሜሉ ላይም ያንኑ ቁጥር ያትማል፤ እሱ አያደናግርህ፣ በሕግ የሚቆጠረው የአካሉ ነው። ሲግ ፒ320 የሚባለው ሽጉጥ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። በእጅህ የምትጨብጠው ፕላስቲክ ምንም አይደለም። ውስጡ ያለችው፣ ቃታውን የያዘችው ትንሽ ብረት ናት መሣሪያው። አንድ ደንበኛ ያቺን ብረት በፖስታ ኤንቨሎፕ ውስጥ ይዞ መጥቶ «ይቺን ለወንድሜ ወደ ጆርጂያ» ሲለን፣ ሽማግሌው መሳቅ ይሁን መቆጣት አቅቶት ሲያየው ትዝ ይለኛል።

ያልተጨረሰ አካል («80 ፐርሰንት» የሚሉትን) በኪት፣ ማለት ከነመገጣጠሚያው በአንድ ጥቅል፣ እየገዙ ቤት ውስጥ መጨረስም ፋሽን ነበር። በ2022 መሣሪያ የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ኤቲኤፍ፣ ደንቡን አጠበቀ፤ በቀላሉ ወደ መሣሪያ የሚቀየር ኪት እንደ መሣሪያ ይቆጠራል አለ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በማርች 2025 በ7 ለ2 ድምፅ ደንቡ ጸና። ስለዚህ «80 ፐርሰንት ነው፣ ቁጥር የለውም፣ ችግር የለውም» የሚልህን የድሮ ቪዲዮ እርሳው።

ወደ አንተ ልመለስ። የአጎትህ ልጅ የቨርጂኒያ ነዋሪ ነው፤ አንተ አሁን የኮሎራዶ። ፈቃድ የሌለው ሰው፣ በሌላ ስቴት ለሚኖር ፈቃድ ለሌለው ሰው መሣሪያ ማስተላለፍ ወይም ማድረስ አይችልም። ዘመድ መሆን አያድንም። ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ነው። ሌላ ሰው የሚልክልህ ከሆነ መንገዱ ኤፍኤፍኤል በሚባለው ባለፈቃድ ነጋዴ በኩል ብቻ ነው። መሣሪያው አንተ ሰፈር ወዳለው ሱቅ ይላካል። ሄደህ 4473 የሚባለውን ፎርም ትሞላለህ፣ ባክግራውንድ ቼክ ይሠራልሃል፣ ትወስዳለህ። ኮሎራዶ ላይ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ የ3 ቀን መጠበቂያም አለ።

እዚህ ላይ የኛን ሰው የሚያደናቅፉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው አድራሻ ነው። መታወቂያህ ላይ የአሁኑ አድራሻህ መኖር አለበት። በቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ ኦሮራ ሱቅ ሄደህ ብትቆም ሻጩ ይመልስሃል። ሁለተኛው ስም። ግሪን ካርዱ ላይ የአያት ስም ላስት ኔም ሆኖ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ የአባት ስም ላስት ኔም ይሆናል። ወይም ኤምባሲ ላይ ሁለቱ ስም ተጋጥሞ አንድ ይሆናል። ባንኮኒው ኋላ ሆኜ አበሻ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ይሄንን ነበር። ቼኩ «ቆይ» ብሎ ቀናት የሚወስደው ብዙ ጊዜ ሰውዬው ወንጀል ኖሮበት አይደለም፤ ስሙ ከራሱ ስም ጋር አልገናኝ ብሎ ነው። መጀመሪያ ወረቀትህን አስተካክል።

ስለ አጓጓዦቹ ብዙ አልልም። ፖስታ ቤት ጥይት ያልጎረሰ ጠመንጃ ይቀበላል። ሽጉጥ ግን ግለሰብ በፖስታ እንዳይልክ በ1927 የወጣ ሕግ አለ። በሕጉ ላይ ክርክር ተነሥቷል፤ ክርክሩ አልቆ ፖስታ ቤቱ ራሱ ደንቡን እስኪቀይር አንተ መሞከሪያ አትሁን። ትልልቆቹ የግል አጓጓዦች ደግሞ ከሕጉ በላይ ጥብቅ ናቸው። መሣሪያ የሚቀበሉት ውል ካላቸው ባለፈቃዶች ብቻ ነው። አካሉን ብቻ ብትልክም ለነሱ ያው ነው። ጥይት በፖስታ ፈጽሞ አይሄድም። ካርቶኑ ላይ «መሣሪያ» ብለህ አትጻፍ፤ አጓጓዡም እንዲያስጽፍህ ሕጉ አይፈቅድለትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ሌባም ማንበብ ይችላል።

እስካሁን የፌዴራሉን ብቻ ነው ያወራነው። አሁን የስቴቱ ይመጣል፤ ሰው የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። ካዝና በፌዴራል ሕግ ተራ እቃ ነው። ኮሎራዶ ግን ከ15 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና ከጁላይ 1፣ 2013 ጀምሮ የራስህ ሆኖ እጅህ ላይ ካልቆየ በቀር ይከለክላል። አሁን ከግሎክ 17 ጋር ከፋብሪካ የሚመጣው ካዝና ስንት ጥይት ይይዛል? 17። የኤአርህ ደግሞ 30 ይሆናል። ቨርጂኒያ ሱቅ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የገዛኸው ካዝና፣ በአጎትህ ልጅ ካርቶን ኦሮራ ሲደርስ ጥፋት ይሆንብሃል። እዚያው ይቅር። ኮሎራዶ ውስጥ ባለ 15ቱን ትገዛለህ፣ ውድ አይደለም። ካሊፎርኒያና ኒው ጀርሲ ደግሞ 10 ላይ ቆርጠውታል። ካሊፎርኒያ በርሜልን እንኳ ከ2027 ጀምሮ በባለፈቃድ ነጋዴ በኩል ካልሆነ እንዳይተላለፍ ሕግ አውጥታለች። ስለዚህ «እናትህም ጋ ላክላት» የተባለው በርሜል እናትህ የት እንደምትኖር ይወስነዋል።

ዴንቨር ከተማ ደግሞ ከ1989 ጀምሮ ኤአር በመሳሰሉት ላይ የራሷ ክልከላ አላት። አንተ ኦሮራ ነህ፣ ደህና። ግን የዴንቨር ኤርፖርት የዴንቨር ከተማ ክልል ውስጥ መሆኑን ያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ወጣት ሱቅ መጥቶ ስልኩን አሳይቶኝ ነበር። ከውጭ አገር የሚመጣ፣ ከግሎክ ስላይድ ኋላ የሚገጠም፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነገር። 20 ዶላር። «ፓርት ነው አይደል?» አለኝ። ያቺ ነገር ብቻዋን፣ ሽጉጥ ባይኖርህ እንኳ፣ በሕጉ መትረየስ ናት። እስከ 10 ዓመት ታሳስራለች። የድምፅ ማፈኛ ክፍሎችም እንደዚያው ናቸው፤ «ማጽጃ ነው» ተብለው በኢንተርኔት ይሸጣሉ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ የድምፅ ማፈኛ የ200 ዶላር ቀረጥ ዜሮ ሆኗል፤ ምዝገባው ግን እንዳለ ነው። ቀረጡ ቀረ ሲባል ሰው ሁሉም የቀረ እየመሰለው ነው።

አሁን ቁምነገሩን ልንገርህ። ግሪን ካርድ ነው ያለኝ ብለሃል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሣሪያ መያዝ ይችላል፤ ይሄ ጥያቄ የለውም። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች በቀር አይችልም፤ ወረቀቱ ያለፈበትማ አይነሣም። ስለዚህ ሳጥኑን ሌላ ሰው ያምጣልኝ ስትል የሰውዬውን ወረቀት ጠይቅ። ዋናው ግን ይሄ ነው፦ አንድ እዚህ የተወለደ ልጅ በመሣሪያ ጥፋት ሲያዝ ጠበቃ ይዞ፣ አምኖ፣ ቀላል ቅጣት ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንተ ግን ያቺ «ቀላል ቅጣት» ከአገር ሊያስወጣህ ይችላል። የኢሚግሬሽን ሕጉ የመሣሪያ ጥፋትን ለብቻው የማስወጫ ምክንያት አድርጎ አስቀምጦታል፤ በሕግ መሣሪያ የሆነ «ክፍል»ንም በስሙ ጠቅሶ። 50 ዶላር የሱቅ ክፍያ ለመቆጠብ ብለህ ይሄን አታስይዝ። አንድ ነገር ከተፈጠረ ደግሞ የወንጀል ጠበቃህን ሳይሆን የኢሚግሬሽን ጠበቃህን ቀድመህ ደውልለት።

አንዲት እህት «ለአባቴ ጎጃም የጠመንጃ ቃታና መነጽር ልላክ» ብላ እዚህ ጠይቃ ነበርና መልሱን አብሬ ልመልስ። አይሆንም፣ እህቴ። በርሜሉም ቃታውም ከአሜሪካ ሲወጣ የመንግሥት የኤክስፖርት ፈቃድ ይፈልጋል፤ መነጽሩ ሳይቀር ቁጥጥር ውስጥ ነው። ስቴት ዲፓርትመንት በኖቬምበር 2021 ኢትዮጵያን በመሣሪያ ኤክስፖርት ገደብ ዝርዝሩ ውስጥ አስገባት። ያኛው ጫፍ ላይ ደግሞ የእኛው አገር የመሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ (ይሄ ዓመት ብቻ በእኛው አቆጣጠር ነው)። በሻንጣ ልብስ መሀል ጠቅልሎ መሞከር አባትን መጦር አይደለም፣ ማስያዝ ነው። ጥሩ ካፖርት ላኪላቸው።

እና አንተ ምን ታደርጋለህ? እኔ ብሆን መሣሪያዎቹን ለየብቻ ነበር የምይዛቸው።

ሽጉጡን ራስህ ሄደህ ታመጣዋለህ። የራስህ ንብረት ነው፣ ሳጥኑን የምትከፍተውም አንተ ነህ፤ ለማንም አልተላለፈም። ከደለስ ኤርፖርት ስትነሣ ጥይቱን አውጥተህ፣ ጠንካራ በሚቆለፍ ሳጥን አድርገህ፣ የአየር መንገዱ ባንኮኒ ላይ «ያልጎረሰ መሣሪያ አለኝ» ብለህ ታስመዘግባለህ። ቃሉን በቀስታ በለው፣ «ጋን» ብለህ ጮክ አትበል። ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ይሄዳል። በእጅ ሻንጣህ ውስጥ አንዲት ካዝና ወይም የመምቻ መርፌ እንኳ እንዳትቀር ኪስ ኪሱን ፈትሽ። የባንኮኒውን ዓመታት ካስታወስኩ፣ ሰው የሚረሳው ሁሌም የጎን ኪሱን ነው።

ኤአሩን በአውሮፕላን አታምጣው፤ የዴንቨሩን ነገር ነግሬሃለሁ። በዚያው ጉዞህ ራስህ ከሳጥኑ አውጥተህ ቨርጂኒያ ውስጥ ላለ ባለፈቃድ ሱቅ ስጠው። እሱ ኦሮራ ወዳለው ሱቅ ይልከዋል። ከመሄድህ በፊት ለኦሮራው ሱቅ ደውለህ ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ከግለሰብ የተነሣ እቃ ትቀበላላችሁ ወይ፣ ክፍያችሁስ ስንት ነው። እኔ መጨረሻ ላይ ኮሎምበስ ላለው ጓደኛዬ የታችኛውን በዚህ መንገድ ላክሁለት። የላይኛውን ያው ራሴ በፖስታ። ሦስት ቀን ቀድሞ ደርሶ ጓደኛዬ «በርሜል ብቻ ነው የላክህልኝ፣ ሸወድከኝ» ብሎ ደወለ።

እስከዚያው ቁልፉን አትላክለት። መጀመሪያ የኮሎራዶ መንጃ ፈቃድህን አውጣ፤ ቀጠሮው ሳምንታት ይወስዳልና ዛሬ ያዝ።