ቁንጫ ሳይኖር ማከክ

ድሬዳዋ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ስለ ውሻና ድመት ማሳከክ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከመጡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹ እነሆ።

ዶክተር፣ ውሻዬ 11 ዓመቱ ነው። አክኮ አያውቅም፤ ዘንድሮ ሌሊቱን ሲያክክ ያድራል። ቁንጫም መዥገርም አጣሁበት። (አንዲት እናት፣ ከዚራ)

እማዬ፣ ቁንጫ አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም። ጀርባውን በማበጠሪያ ያበጥሩና የወረደውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ሶፍት ላይ ያድርጉት። ቀይ ከለቀቀ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀዩ የውሻዎ ደም ነው።

ንጹሕ ከሆነ ግን ዕድሜው ያሳስበኛል። አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ነው የሚጀምረው። ይህን ያህል ዓመት ሰላም የነበረ ውሻ በእርጅናው ካከከ ውስጡን መርምሩ እላለሁ። መዳፉን ገልብጠው ይዩት። ጥቁሩ ትራስ ተሰነጣጥቆ ቅርፊት ይዟል? ከያዘ ጉበቱን እጠረጥራለሁ። ጉበት ሲታመም ደም ውስጥ ያለው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያው) ያንሳል፤ ቆዳም የሚሠራበትን ያጣል። መዳፍ ደግሞ ሸክም ስላለበት ቀድሞ ይሰነጠቃል። ቆዳው ቀልቶ የሚቀረፈፍ፣ አፍንጫውና ከንፈሩም ጥቁርነታቸው የለቀቀ ከሆነ የቆዳ ካንሰር እጠረጥራለሁ። ለዚህ ከቆዳው ቁራጭ ተወስዶ መመርመር አለበት። ሁለቱም ብዙ አያጋጥሙም፤ አይደንግጡ፣ ግን ያስመርምሩት።

ድመቴ ሆዷን እየላሰች ጸጉሯን ጨረሰችው። (ሰቢያን)

እህቴ፣ የላሰች ሁሉ አሳክኳት አይደለም። ፊኛዋን ሲያማትም ሆዷን ትልሳለች። ቶሎ ቶሎ ለሽንት ትቀመጣለች? ያረጀች ሆና እየበላች የምትከሳ ከሆነ ደግሞ ታይሮይዷን (አንገቷ ላይ ያለውን ዕጢ) አስመርሚ። የሚገርመው፣ የታይሮይድ መድኃኒቱ ሜቲማዞል ራሱ አንዳንድ ድመቶችን ፊታቸውን እስኪቦጭሩ ያሳክካቸዋል።

ውሻዬን የሆነ ነገር ነከሰው፤ ውሻ ይሁን ጅብ አላየሁም። ቁስሉ ድኗል፤ አሁን ቦታውን በጥርሱ እየዘነጠለ ነው። (ሐረር)

ወንድሜ፣ አትንካው! በር ዝጋበትና ለእንስሳት ሐኪም ደውል። የእብድ ውሻ በሽታ አንዳንዴ በተነከሰው ቦታ ማሳከክ ይጀምራል። ነክሶህ ወይም ቁስልህን ልሶህ ከሆነ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠበው፤ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ሂድ። ነገ አትበል።

ለሚያክከው ውሻዬ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ብቀባውስ?

ኧረ በፍጹም! ልሶት ይመረዛል። ፐርሜትሪን ያለበትን የውሻ ቁንጫ ማጥፊያም ድመት ላይ እንዳታደርጉ፤ አንቀጥቅጦ ይገድላታል።